ሙቀቱን መያዝ ያቃተው ኦቨን



ባለፈው ወር የቤት ለቤት ኅብረታችን ተራ የእኔ ነበር። ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወገኖችን ጠበቅሁ። ዳቦው ሲቆረስ ግን ላዩ ገርጥቶ መሃሉ ገና ሊጥ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ሲሆንብኝ ሦስተኛዬ ነው። አብራኝ ወደምትኖረው የእህቴ ልጅ ዞሬ፣ በእንግዶቹ ፊት፣ "በሩን እየከፋፈትሽ ሙቀቱን የምታስወጪው አንቺ ነሽ!" አልኳት። አንገቷን ደፍታ፣ "አክስቴ፣ እኔ አልከፈትኩትም" አለች። አላመንኳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ወደ ኩሽና ስገባ እርሷ ትወጣ ጀመር።

ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተና ኦቨኑን ለመፈተሽ ተነሣሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጋዙን ነበር፤ ሲሊንደሩ ግን ገና መሞላቱ ነው፣ የላይኞቹ ምድጃዎችም በደንብ ይነዳሉ። ቀጥሎ የበሩን ጎማ አየሁ። ኦቨኑ ቀዝቃዛ ሳለ ብጣሽ ወረቀት በሩ ላይ አስገብቼ ዘጋሁና ሳብኩት፤ በአራቱም በኩል ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ስለዚህ ሙቀት በዚያ አይወጣም ማለት ነው። በመጨረሻ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዝቼ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩና ቁልፉን 180 ላይ አደረግሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 140 አለኝ። በየአሥር ደቂቃው ባየውም ከዚያ ብዙ አላለፈም። በሩን ደግሞ የከፈተው ማንም አልነበረም።

ባለሙያ ጠራሁ። ሲሊንደሩን ዘግቶ፣ ኦቨኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ውስጡን በባትሪ አየና እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ከቁልፉ ጀርባ ቴርሞስታት አለ። ከእርሱ የሚነሣ ቀጭን ቱቦ ኦቨኑ ውስጥ ካለች እርሳስ ከምታህል የብረት ዘንግ ጋር ይገናኛል። ዘንጓ ስትሞቅ ውስጧ ያለው ፈሳሽ ያብጥና የጋዙን መንገድ ያጠብባል፤ እሳቱም ይቀንሳል። የእኔዋ ዘንግ ከመያዣዋ ወልቃ ወደ እሳቱ ተጠግታ ነበር። የምትለካው ዳቦው ያለበትን ሙቀት ሳይሆን አጠገቧ ያለውን እሳት ስለሆነ፣ ዳቦው ገና ሳይሞቅ "በቃ" ትላለች።

ቱቦው ከታጠፈ ቴርሞስታቱን በሙሉ መቀየር ግድ ይሆናልና በጥንቃቄ ዘንጓን ወደ መያዣዋ መለሳት፤ የተጋገረባትንም ቅባት ጠረገላት። ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሩ 180 አካባቢ ከፍ ዝቅ እያለ ቆየ። ያን ያህል መዋዠቅ የጤና ነው አለኝ።

ሊሄድ ሲል፣ "በቅርቡ ውስጡን በኃይል የፈተገው ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። ለፋሲካ በሽቦ መፈተጊያ ፈትጌ ያጸዳሁት እኔ ራሴ ነበርኩ። ልጅቷ እጇንም አላስገባችበትም።

ወገኖቼ፣ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺ ዘንግ እኔን መሰለችኝ። እኔም በዚያ ቀን የለካሁት የልጅቷን ጥፋት ሳይሆን አጠገቤ የሚነደውን የራሴን ንዴት ነበር። ኦቨኑን ለመፈተሽ አንድ ሳምንት ሙሉ ታግሻለሁ፤ እርሷን ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኋትም።

በጓዳ ይቅርታ ብጠይቃት ይቀለኝ ነበር። የተቆጣኋት ግን በሰው ፊት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ኅብረት፣ ጸሎት ከመጀመራችን በፊት፣ የሆነውን ሁሉ ለወገኖች ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። "ኧረ ምንም አይደል፣ አክስቴ" አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያም ተነሥታ ወደ ኩሽና ሄደችና ዳቦውን ራሷ አወጣችው። እስከ መሃሉ በስሏል።

ጌታ ሆይ፣ በሰው ላይ ከመፍረዴ በፊት ራሴን እንድመረምር እርዳኝ። አሜን።