ደሴ ሲገቡ መሪዎን እንዴት ይመርጣሉ? ገራዶንስ አይተዋል?

ውድ አንባቢ ሆይ! የዓመት ፈቃድዎን ወስደው፣ ወይም ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ደሴ የገቡ እንደ ሆነ፣ ሻንጣዎን ገና ሳያሳርፉ «ምን ላሳይዎት?» የሚል ሰው አያጡም። በሜዲቴራንያን ዳርቻ፣ በእስክንድርያም ሆነ በናፖሊ፣ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው እንግዳ የሚጠብቁ ሞልተዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ኪስ ግን አንድ አይደለምና ተጠንቅቆ መምረጥ ይገባል።

እኔ መጀመሪያ የሄድሁ ጊዜ «በአንድ ቀን አምስት ቦታ አሳያለሁ» ያለኝን ሰው አምኜ፣ ዋጋውን ሳልቆርጥ መኪና ገባሁ። ሐይቅ ዳር ቆመን ፎቶግራፍ አነሣን፤ ቦሩ ሜዳን በመስኮት አየሁት። ማታ ሒሳቡ ሲመጣ የወር ደመወዜ ሩብ ሄደ። ለጓደኞቼ ያየሁትን ላወራ ብሞክር ከሾፌሩ ማጅራት በቀር ትዝ የሚለኝ አልነበረም።

እንግዲህ ከእኔ ጥፋት ይማሩ። አስቀድመው ዋጋ ይቁረጡ፤ የመኪናውና የመሪው ሒሳብ ለየብቻ መሆኑንም ይጠይቁ። ከአምስት ቦታ አንዱን ይምረጡ። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ለማየት ያሰቡ እኅቶች፣ ሴት ወደ ገዳሙ እንደማትገባ ገንዘብ ሳይከፍሉ ይወቁ። ወደ ግሸን የሚሄድ ደግሞ መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚበዛ ያስብ።

መሪዎንም ይፈትኑ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ለምን «አይጠየፍ» እንደተባለ ይጠይቁት፤ ድኻውንና ጌታውን ሳይለይ ያበላ እንደ ነበር ካልነገረዎት ግንቡን ብቻ ነው ያሳየዎት። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዪቱ እንደ ነበሩ ይንገርዎት። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ እንደ ተዘረፈም አይደብቅዎት። በጎ መሪ የተረፈውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ያሳያል።

በሁለተኛው ጉዞዬ መኪናውን ትቼ፣ ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተከትዬ ከጦሳ ተራራ ወዲያ ወዳለችው ገራዶ ወረድሁ። የደሴ ብርድና ጫጫታ ከኋላችን ቀረ፤ ከፊታችን ሜዳውና ማሳው ተዘረጋ። ሽማግሌው በየእርምጃቸው ይቆሙ ነበር። ይህ ማሳ የማን እንደ ሆነ፣ ክረምት ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ፣ የትኛው ቤት ሠርግ እንደ ደገሰ ነገሩኝ። ከቤታቸውም አግብተው ጨው የገባበት ቡና እስከ በረካ አጠጡኝ።

ስሰናበት ገንዘብ ብዘረጋ ፊታቸው ጠቆረ።

«እንግዳ መሸኘት ይከፈልበታል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። እኔም አፍሬ ገንዘቤን መለስሁ። ጥቂት ዝም ብለው ግን በበሩ ላይ ወደ ቆመው ጎረምሳ አመለከቱ። «ይህ ልጄ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ አጥቷል። ሌላ ጊዜ ሰው ስታመጣ እርሱ ይምራችሁ፤ ለእርሱ ክፈሉ።»

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ መሪዬም እርሱ ነው። የሚያስከፍለኝ ከመኪናው እጅግ ያነሰ ነው፤ ያየሁትም እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

እርስዎም አንባቢ ሆይ፣ ከመክፈልዎ በፊት «ገንዘቤ በማን ቤት ያድራል?» ብለው ይጠይቁ። መልካም ጉዞ!