በራ ማለት ተስተካከለ ማለት አይደለም

ወዳጆቼ፣ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆችም፣ ዛሬ ስለ አንድ አምፖል ላውጋችሁ። ስለ መኪና የፊት መብራት አምፖል። ብትስቁም ግድ የለኝም። የአውራ ጣት የምታህል ነገር ናት፤ ግን ትዕግሥትን እንደ እሷ የሚፈትን ነገር አላየሁም። ቪዲዮ ላይ ስታዩት አንድ ፈገግ ያለ ሰውዬ በአራት ደቂቃ ቀይሮ ኮፈኑን ይዘጋል። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል።

መኪናው የታላቅ ወንድሜ ነው፤ ቪትዝ። ማታ ማታ ታክሲ ይሠራበታል፤ የቤት ኪራዩም የልጆቹ ትምህርት ቤትም ከእሱ ነው የሚወጣው። ባለፈው ሳምንት የግራው አጭር መብራት ጠፋ። በአንድ መብራት የሚመጣ መኪና ማታ ከሩቅ ሲታይ ሞተር ሳይክል ነው የሚመስለው። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር "ሞተር ነው" ብሎ ጠጋ ቢል፣ የጨለመው ጎን ደግሞ በእሱ በኩል ያለው ነው። ቅጣቱን ተዉት፣ የነፍስ ጉዳይ ነው። ኤሌክትሪክ ሠሪው "ነገ ከሰዓት አምጣው" አለው። ያ ማለት የዛሬ ማታ ሥራ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አምፖሉን ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መጣና "አንተ የፊዚክስ መምህር አይደለህ እንዴ? ና ቀይርልኝ" አለኝ።

ኮፈኑን ከፈትን። ከመብራቱ ኋላ ያለው ክፍተት የልጅ እጅ እንጂ የእኔን እጅ የሚያስገባ አይደለም። በአንድ በኩል ባትሪው፣ በሌላ በኩል ብረቱ። በዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ ሁሉም በጣት ጫፍ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ፤ በዓመታት ሙቀት ደርቆ ተጣብቋል። ቀስ ብላችሁ ብትስቡት አይመጣም፣ በኃይል ብትስቡት ሽቦው ተበጥሶ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ፣ እየለመናችሁ ነው የሚወጣው። ቀጥሎ የጎማ ሽፋኑ። ከዚያ ሞላው። ኧረ የሞላው ነገር! አምፖሉን ቆልፎ የሚይዝ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ጎን ካላላቀቃችሁት አይከፈትም፣ የት እንዳለ ደግሞ አይታይም። ወንድሜ በስልኩ ያበራልኛል፤ የሚያበራልኝ ግን የእጄን ጀርባ ነው። "አገኘኸው?" ይላል በየደቂቃው። ክርኔ ተላጠ፣ ጣቴ ተቆረጠ፣ ላቤ ባትሪው ላይ ይንጠባጠባል። ይህን የሠራው መሐንዲስ አንድ ቀን በገዛ እጁ ይቀይረው ብዬ ተመኘሁ።

አሁን ትንሽ ትምህርት። አምፖሉ ኤች 4 ይባላል፤ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ክር አለው። ለረጅም መብራት 60 ዋት፣ ለአጭር 55 ዋት። በ12 ቮልት አካፍሉት፦ ረጅሙ 5 አምፒር ይስባል። አያችሁ፣ ለፈተና ብቻ አልነበረም። ክሩ ተንግስተን ነው፤ ሲበራ ሙቀቱ ከ2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚህ ሙቀት ተንግስተኑ ቀስ በቀስ ይተናል። ውስጡ ያለው ሃሎጅን፣ ማለትም እንደ አዮዲን ወይም ብሮሚን ያለው ጋዝ፣ የተነነውን እየያዘ ወደ ክሩ ይመልሰዋል። ይህ እንዲሆን ብልቃጡ ራሱ በጣም መጋል አለበት። ለዚህ ነው መስታወቱን በጣት አትንኩ የሚባለው። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ከሌላው ለይቶ ይግላል፣ አምፖሉም ያለ ዕድሜው ይሞታል። በንጹሕ ጨርቅ ያዙት፤ ከተነካም በአልኮል ጠርጉት።

እሺ፣ አዲሱ ገባ፣ ሞላው ተቆለፈ፣ ሶኬቱ ተሰካ። ወንድሜ ማብሪያውን ተጫነ። በራ! "በቃ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ዝጋው" ብሎ ቁልፉን አነሳ፤ ሰዓቱ መሽቷል፣ ሥራ ሊወጣ ነው።

"ቆይ፣ ግድግዳው ጋ እንየው" አልኩት።

መኪናውን ከአጥሩ ግድግዳ ፊት ለፊት አቆምነው። የቀኙ መብራት ግድግዳው ላይ ወገብ በታች ተኝቷል። የግራው ግን ሽቅብ ተረጭቶ የጎረቤት መስኮት ላይ ወጥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በኤች 4 ውስጥ ከአጭሩ ክር ሥር ማንኪያ የምትመስል ትንሽ ብረት አለች። ሥራዋ ወደ ታች የሚወርደውን ብርሃን መከልከል ነው። ብርሃኑ የመስታወቱን የላይኛውን ግማሽ ብቻ ይመታና ወደ መንገዱ ይወርዳል። አምፖሉ ትንሽ ካዘመመ ግን ክሩም ማንኪያዋም ቦታቸውን ይለቃሉ፤ ብርሃኑ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። አሮጌው ሞላ በአንድ ጎን ብቻ ነክሶ፣ በሌላው ጎን ላላ ብሎ ነበር።

"ለእኔ ይታየኛልኮ" አለ ወንድሜ። እውነቱን ነው፣ ለእሱ ይታየዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መብራቱ ጠማማ የሆነበት ሹፌር ራሱ ምንም አይጎድልበትም፤ የሚታወረው ከፊት የሚመጣው ነው። የሚገጨው ደግሞ ዳር ዳሩን የምትሄደው እናት ናት። እንደገና ፈታሁት። ሃያ ደቂቃ ጨመረ። ወንድሜ አኮረፈ፤ ሁለቱ መብራቶች ግድግዳው ላይ እኩል ሲተኙ ግን ዝም ብሎ አየና "ለካ እንደዚህ ነው" አለ።

ማታ መንገድ ላይ የሚያሳውረን ይኼ ነው። ለሃሎጅን በተሠራ መስታወት ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ ይከታሉ፤ የብርሃኑ ምንጭ እንደ ክሩ ስላልሆነ ብዙዎቹ በየአቅጣጫው ይረጫሉ። ሌላም አለ። ጃፓን በግራ ነው የሚነዳው፤ እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነን። ለጃፓን መንገድ የተሠራ አጭር መብራት የእግረኛውን ዳር ለማሳየት በግራ በኩል ከፍ ይላል። እኛ ጋ ግራ ማለት ፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ነው። መሪው ስለተቀየረ መብራቱ አብሮ አይቀየርም። ይህን አምፖል በመቀየር አታስተካክሉትም፤ የፊት መብራቱ ራሱ ለቀኝ መንገድ የተሠራ መሆን አለበት።

የሞተውን አምፖል ይዤው ሰኞ ክፍል ገባሁ። ከሃምሳ በላይ ልጆች እጅ በእጅ ተቀባበሉት። ኃይልን በቮልቴጅ አካፍለው ከረንት የማያወጣ ልጅ የለም፤ ሁለት ክር ያለው አምፖል በእጁ ይዞ የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። አንዱ ክር ተበጥሷል፣ አንዱ ደህና ነው። "የተበጠሰው የቱ ነው? ለምን እሱ ቀደመ?" አልኳቸው። ከኋላ ወንበር፣ በፈተና ውጤት ስሟ ተጠርቶ የማያውቅ ልጅ እጇን አወጣች፦ "አጭሩ ነው ቲቸር፤ ከተማ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሠራው እሱ ነዋ። አባቴ ሹፌር ነው።"

መኪና ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ ግድግዳ ፊት አቁሙና እዩት። አምስት ደቂቃ ነው። ከተስተካከለም ካልተስተካከለም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ሰላም እደሩ።