ቢቨር ለማክሰኝት

የሩቅ አገር ዜና ወደ ገጠራችን ሲደርስ መልኩን ይለውጣል። እዚያ ማዶ የምሁራን ሙግት የነበረው ነገር እዚህ የጠላ መጠጫ ጨዋታ ይሆናል፤ አንዳንዴም ጨዋታው ከሙግቱ ይልቅ ይበስላል። የቢቨርን ነገር እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።

ለማያውቀው፣ ቢቨር በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወንዞች የሚኖር፣ ጠፍጣፋ ጅራት ያለው፣ ከአይጥ ወገን የሆነ ትልቅ እንስሳ ነው። ዛፉን በጥርሱ ገዝግዞ ይጥላል፤ ግንዱንና ጭቃውን ደርድሮ ወንዝ ይገድባል። ብሪታኒያውያን ለጠጉሩና ለሥጋው ሲሉ አድነው ከጨረሱት አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆነው። ኋላ ጸጸት ገባቸውና እ.ኤ.አ. በ2009 ከኖርዌይ አስመጥተው ስኮትላንድ ውስጥ ለቀቁት። በ2025 ደግሞ እንግሊዝ በፈቃድ ወደ ዱሯ እንዲመለስ ወሰነች።

ይህን ለአጎቴ አጫወትኳቸው። አጎቴ ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ምላሳቸው ግን አልዶለዶመም።

«ግድቡን የሚሠራው በነጻ ነው?»

«በነጻ ነው፣ አጎቴ።»

«አበል አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም።»

«ስብሰባስ?»

«ስብሰባ የሚባል ነገር አያውቅም።»

«እንግዲያው የመንግሥት ሠራተኛ አይደለማ! ይምጣ።»

የቼክ ሪፐብሊክን ወሬ ጨመርኩላቸው። የዚያ አገር መንግሥት ከ2018 ጀምሮ በብርዲ አካባቢ ግድብ ሊሠራ አቅዶ፣ በፈቃድና በመሬት ድርድር ዓመታት አለፉ። በ2025 መጀመሪያ ሰዎች ቦታውን ቢያዩት፣ ስምንት ቢቨሮች ሥራውን ጨርሰው ጠበቋቸው። ለመንግሥት ሠላሳ ሚሊዮን የቼክ ገንዘብ ተረፈለት ተባለ።

«ስምንት ለእኛም ይበቃናል» አሉ አጎቴ፤ «ሁለቱን ወንዙ ላይ፣ ስድስቱን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን።»

ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ ጠየቁኝ፤ «ለጾምስ ይሆናል?»

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኩቤክ ካቶሊኮች ‹ኑሮው ከውኃ ነው› ብለው ቢቨርን ከዓሣ ቆጥረው በጾም ይበሉት እንደ ነበር ነገርኳቸው።

«አይ ፈረንጅ! ጾሙን ሻርኩ ቢል ምን ነበረበት? ጉማሬም ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ዓሣ ነው ያለ ቄስ ግን እስካሁን አልሰማሁም።»

ጉማሬ ሲነሳ ሳቁ ቀነሰ። ጉማሬ ቀን ጣና ውስጥ ተኝቶ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ ሐይቁ ዳር የሚያርስ ሰው ሰብሉን ሊጠብቅ ያመሻል። ከተሜው እንስሳውን በፎቶግራፍ ያየዋል፤ ገበሬው በማሳው ላይ ባለው ዱካ ያውቀዋል።

«ዛፍ ይቆርጣል ብለሃል። የማንን ዛፍ?» አሉኝ። እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው፤ ዛሬ ግን ለአጎቴ ዓይነቱ ገበሬ ጥሪት ሆኗል። እኔ በባንክ መስኮት የማያቸው የቁጠባ ደብተሮች ከወረቀት የተሠሩ ናቸው፤ የእሳቸው ደብተር ከጓሮ ቆሞ በነፋስ ይወዛወዛል። ልጅ ሲዳር ወይም ሰው ሲታመም ይቆረጣል። ቢቨር ሳያስፈርም ወጪ ሊያደርግበት ነው።

እንግዳ ሁሉ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፉ አይለመድም። እ.ኤ.አ. በ1946 አርጀንቲና ለጠጉር ንግድ ስትል ሃያ ያህል ቢቨሮችን ከካናዳ አምጥታ በደቡብ ጫፏ ለቀቀች። ንግዱ ሳይሠምር ቀረ። የሚያድናቸው አውሬ ስላልነበረ ወደ አሥር ሺዎች ተባዝተው የዚያን ምድር ጫካ አወደሙት።

«እምቦጭ ነዋ!» አሉ አጎቴ። እውነታቸውን ነው። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ያ አረም በ2011 በመገጭ ወንዝ አፍ በኩል ጣና ላይ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ስንቱ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖረ። የደቡብ አሜሪካ እንግዳ ለእኛ፣ የሰሜን አሜሪካው ለእነሱ ደረሰ ማለት ነው።

ቀልዱን ትተን ስናስበው፣ የቢቨሩ ሙያ ለማክሰኝት አዲስ አይደለም። ጥርና የካቲት ሲመጣ ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ይሠራል፤ ቦረቦሩን በክትር ይዘጋል። አጎቴ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ጥማድ መሬት ዛሬ ግማሹ ቦረቦር ሆኗል፤ አፈሩን ክረምት እየጠረገ ወደ ጣና ወስዶታል። በየዓመቱ የሚደረድሩት ድንጋይ የቀረውን ግማሽ ለማትረፍ ነው። እዚህ ያለው ቢቨር ጅራት የለውም፤ ወገቡ ግን ይታመማል።

እኛም የምንመልሰው ነገር አለን። እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች በጥይት እግሩ የተሰበረ ቀይ ቀበሮ ታክሞ ወደ ዱሩ ተለቀቀ፤ ስሙንም ተረፈ አሉት። የ«እመጓ» ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የደን ተመራማሪነታቸውን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ዙሪያ ምእመናኑ የድንጋይ አጥር እንዲያጥሩ ከሠሩት አንዱ ናቸው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከብቱ እንዳይገባ ይታጠራል፣ ከዚያ ያልተረገጠው ችግኝ ያድጋል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር የለም። የወይራው ዘር ቀድሞም እዚያው ነበር።

ይህንን ስነግራቸው አጎቴ ረጋ ብለው አዳመጡኝ። ድንጋይ መደርደር የሚገባቸው ጉዳይ ነው።

«ይህስ ደግ ነው» አሉ፤ «የተረፈውን ማጠር ይቀድማል። ቢቨርህም ባገሩ ይባረክ።» ቀጥለውም ጣታቸውን ቀሰሩ፤ «ግን ምናልባት ካገኘኸው ንገረው፤ ጥር ላይ ሰው ያንሰናል።»