«አይ ሰቨን ነው» ተብሎ የሚሸጥ፣ «አይ ሰቨን ነው» ተብሎ የሚገዛ

መገናኛ ወይም መርካቶ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ የቆመ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። «ኮር ስንት ነው?» ይላል ገዢው። «አይ ሰቨን ነው፤ ምንም አታስብ» ይላል ሻጩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ስንተኛ ጀነሬሽን እንደሆነ፣ ሙሉ ስሙ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «አይ ሰቨን» የማዕረግ ስም እንጂ የአቅም መለኪያ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የወጣው አራተኛ ጀነሬሽን አይ ሰቨን 4770 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። በ2022 የወጣው አይ ስሪ 12100 ደግሞ በትክክል ያንኑ ያህል ኮርና ትሬድ አለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ታናሹ «አይ ስሪ» ታላቁን «አይ ሰቨን» በሰፊ ልዩነት ይበልጠዋል። ከዚህም በላይ የኢንቴል ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11ን በይፋ ለመጫን ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ መሆን ይጠበቅበታል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ አሮጌውን «አይ ሰቨን» በደህና ዋጋ የገዛ ሰው የገዛው ጡረታ የወጣ ዕቃ ነው።

ይህ የቴክኒክ ወሬ ብቻ ቢሆን ለቴክኒሻኖች መተው ይቻል ነበር። ግን አይደለም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ፣ የምርቃትና የክርስትና ቪዲዮ እየቆረጡ፣ ለዩቲዩብ ቻናል እያቀናበሩ የሚኖሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ኮምፒውተር ማለት ለአናጺ መጋዝ ማለት ነው። የሚገዙትም በእቁብ ብር ነው። እቁቡ ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው።

ስህተት አሁን ለምን ተወደደ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በነሐሴ ወር 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህም መውጣቱን አላቆመም። በ299 ዶላር ለገበያ የቀረበው አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ በድሮው የባንክ ምንዛሪ 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ በ100 ብር ምንዛሪ 30 ሺህ ገደማ ይሆናል። ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመሩም። እርግጥ ነው፣ ከዱባይ በሻንጣ የሚገባው ዕቃ ድሮም የሚሰላው በትይዩ ገበያ ዋጋ ነበር። ያም ሆኖ ገቢው በብር ለሆነ ሰው፣ ዋጋው በዶላር የሚቆረጥ ዕቃ በየወሩ እየራቀው ነው።

ሁለተኛው ምት የመጣው ከውጭ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ለግዙፍ የመረጃ ማዕከሎቻቸው የሜሞሪ ቺፕ ሲሻሙ፣ በ2025 መጨረሻ ወራት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ከእጥፍ በላይ ወጣ። ከዓለም ትልልቅ የሜሞሪ አምራቾች አንዱ የሆነው ማይክሮን «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ተጠቃሚ ይሸጥ ከነበረው የራምና የኤስኤስዲ ንግድ እንደሚወጣ በኅዳር 2018 ዓ.ም. አስታወቀ። ትልቁ ገዢ ሲመጣ ትንሹ ገዢ ከሰልፉ ተገፍቶ ወጣ ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ የተሳሳተ ዕቃ የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንዴ ሲገዛ፣ አንዴ ደግሞ ዶላር ሌላ ዋጋ ላይ ሲደርስ ሊያስተካክል ሲመለስ።

ከካርዱ ሳይሆን ከሥራው መጀመር

ቀን ቀን የሰርግ ቪዲዮ የሚቆርጥ፣ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ጌም የሚጫወት አንድ ኤዲተር በምሳሌነት ይወሰድ። ኮምፒውተሩን ራሱ ዕቃ በዕቃ ሊገጣጥም አስቧል። አብዛኛው ሰው እንዲህ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመርጠው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ የሚያምረውም የሚወራለትም እሱ ነውና። የተረፈው ብር ለሌላው ይከፋፈላል። ፓወር ሰፕላይ ከኬዙ ጋር «በነፃ» የመጣው ይሆናል፤ ዩፒኤስ «በኋላ» ይባላል።

ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ የሚቆጠረው ሥራው ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ የ4ኬ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ ለአምስት ሰዓት ሲቀርጹ 450 ጊጋባይት ነው። መልሱ ሲጨመር ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ድግስ ብቻውን ባለ 500 ጊጋባይቱን ዲስክ ይሞላና ያልፋል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ የማከማቻ ቦታ የግድ ነው። አንድ ቴራባይት ኤስኤስዲ ለሥራ፣ ርካሽ ሃርድ ዲስክ ለማስቀመጫ፣ እና የዚያ ሃርድ ዲስክ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ። ሙሽሮች ዳግመኛ አይሞሸሩም፤ የጠፋ ቪዲዮ በገንዘብ አይተካም። ሁለተኛ፣ በሴኮንድ 7,000 ሜጋባይት ያነባል እየተባለ በውድ የሚሸጠው ኤስኤስዲ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ሁለቱ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ሲታዩ በሴኮንድ የሚፈልጉት 25 ሜጋባይት ብቻ ነው። 550 ሜጋባይት የሚያነበው ተራው የሳታ ኤስኤስዲ እንኳ ከበቂ በላይ ነው። የተረፈው ብር ወደ ቦታ ይዙር።

ፕሮሰሰሩ ላይ ያለችው አንዲት ፊደል

ብዙ ኤዲተሮች «ካርዴ ትልቅ ነው፣ ቪዲዮው ግን ይቆራረጣል» ይላሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የካሜራው ፋይል ነው። አዳዲሶቹ የሶኒና የካኖን ካሜራዎች በኤች.265 የሚቀርጹት 10 ቢት 4:2:2 የሚባል ፋይል ለቀለም ማስተካከያ ግሩም ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ከባድ ነው። የኤንቪዲያ ካርዶች ይህን ፋይል በራሳቸው የሚፈቱት በ2025 ከወጣው የ50 ተከታታይ ጀምሮ ነው። አርቲኤክስ 3060ም ሆነ 4060 አይፈቱትም።

አሥራ ሁለተኛ ጀነሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ትንሹ ግራፊክስ ግን ይፈታዋል። አይ ፋይቭ 12400 ይህ አለው። ከመጨረሻው «ኤፍ» የሚል ፊደል የተጨመረበት 12400ኤፍ ግን የለውም። ሁለቱ በሁሉም ነገር መንትያ ናቸው፤ የዋጋ ልዩነታቸውም ትንሽ ነው። ለጌም ብቻ ለሚገዛ ሰው «ኤፍ» ያለበት አይጎዳውም። ለኤዲተር ግን ያች አንዲት ፊደል በቀን ውስጥ ሰዓታት ትበላለች። የሱቁ ደረሰኝ ላይ «ኮር አይ ፋይቭ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ የሚደበቀው ይህ ነው።

ግራፊክስ ካርዱ ላይም እንዲሁ ነው። በጌም 4060 ከ3060 ይፈጥናል፤ የሚበላውም ኃይል ያነሰ ነው፣ 115 ዋት ከ170 ዋት ጋር ሲነጻጸር። ግን 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነው ያለው። 3060 ደግሞ 12 ጊጋባይት አለው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ በ4ኬ ቀለም የሚሠራና ጭጋጋም ምስል የሚያጠራ ሰው የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ሥራው ሲቆም ልዩነቱን ያውቀዋል። ጌም ወደ አንዱ ይጎትታል፣ ኤዲቲንግ ወደ ሌላው። እቁቡን የሚከፍለው ኤዲቲንጉ ስለሆነ ቅድሚያው የእርሱ ነው። እዚህም ወጥመድ አለ፤ 3060 ራሱ በኋላ ላይ የወጣ ባለ 8 ጊጋባይት ዓይነት አለው። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ያው ነው።

ራም ላይ ዋጋው እስኪረጋጋ ብልሃት ያስፈልጋል። ለ4ኬ 32 ጊጋባይት ይመከራል፤ ብሩ ካልደረሰ ግን ባለ አራት ቀዳዳ ማዘርቦርድ ገዝቶ በሁለት ባለ 8 ጊጋባይት መጀመርና ሁለቱን ቀዳዳ ለነገ መተው ይቻላል። ዲዲአር4 የሚቀበል ማዘርቦርድ ዲዲአር5 አይቀበልም፤ ስለዚህ ይህ ምርጫ አንዴ ነው የሚወሰነው።

መብራት የማይረሳው ዕቃ

ውጭ አገር የተሠሩ የምርጫ መመሪያዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። መብራት። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ የሚያቃጥለው መጀመሪያ ርካሹን ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ደግሞ ብቻውን ላይሞት ይችላል። ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ካርዱ 170 ዋት፣ 12400 ጫና ሲበዛበት እስከ 117 ዋት፣ ሌላው ተደምሮ ጥቂት አሥር ዋቶች። ሁሉም 400 ዋት አይሞላም። ስለዚህ ደህና ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። ጎኑ ላይ «750 ዋት» ተብሎ የተለጠፈበት ስም የለሽ ዕቃ ግን ያን ላይሰጥ ይችላል። የሚታየው ትልቁ ቁጥር ሳይሆን የ12 ቮልቱ መስመር ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው አምፔር በ12 ሲባዛ እውነተኛው አቅም ይገኛል። 45 አምፔር ከሆነ 540 ዋት ነው።

ዩፒኤስም ቢሆን ቅንጦት አይደለም። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ሥራ ላይ ያለ ኮምፒውተር ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል። የሚፈለገውም ያ ነው፤ ፋይል አስቀምጦ በሰላም ማጥፋት። ስክሪኑም ዩፒኤሱ ላይ መሰካት አለበት። ኮምፒውተሩ በርቶ ስክሪኑ ከጠፋ የቱን ተጭኖ ያስቀምጣል?

«ታዲያ ላፕቶፕ አይሻልም?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ሰርጉ ቦታ ይዘውት ይሄዳሉ። ግን ላፕቶፕ ላይ ግራፊክሱ ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማዘርቦርዱ ነው የሚቀየረው። ራስ የገጣጠሙት ኮምፒውተር አንድ ዕቃ ሲሞትበት አንድ ዕቃ ይቀየርለታል፤ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ገቢው በብር፣ ዕቃው በዶላር ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ መድን ነው።

የተጠቀሙበት ዕቃ

አዲስ ካርድ ሲርቅ ብዙው ሰው ወደ ዩዝድ ይሄዳል። አያስነቅፍም፤ ግን ዓይን ይፈልጋል። ኤቴሪየም በመስከረም 2022 በካርድ የሚሠራውን ማይኒንግ ሲያቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በዓለም ዙሪያ ወደ ገበያ ፈሰሱ። ብዙዎቹ ደህና ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ፋን ግን ደክሟል። ከእነዚህ የሚብሰው ደግሞ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ የሌላ ስም የተሰጠው አሮጌ ካርድ ነው። ጂፒዩ ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል። ብር ከመቆጠሩ በፊት ካርዱ ተሰክቶ፣ ለግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ ተሰጥቶት፣ ሙቀቱ መታየት አለበት። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ምንም መግዛት ለማይችል ደግሞ ከሁሉ የሚረክስ መፍትሔ አለ። ፕሮክሲ ይባላል። ፕሪሚየርም ሪዞልቭም ከባዱን ቪዲዮ ወደ ቀላል ቅጂ ለውጠው ያሠሩና በመጨረሻ ዋናውን ይጠቀማሉ። ሌሊት አስልቶ ያድራል፣ ጠዋት ያለ መቆራረጥ ይሠራል። ስንቱ ኤዲተር ይህን ሳያውቅ ለአዲስ ካርድ እቁብ ገብቷል?

ሻጩን ብቻ መውቀስ ይቀላል። ግን ሻጭ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ገዢው «ኮር ስንት ነው?» እስካለ ድረስ «አይ ሰቨን ነው» ይባላል። የገበያውን ቋንቋ የሚቀይረው ገዢው ነው። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል፣ የካርዱ ሜሞሪ በቁጥር፣ የፓወር ሰፕላዩ የ12 ቮልት አምፔር፣ የዋስትናው ጊዜ፣ ሁሉም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ይህ ለመጠየቅ ምንም ብር አያስወጣም። የዓመት እቁብ ይዞ ሱቅ የገባ ሰው ደግሞ ቢያንስ ይህን የመጠየቅ መብት አለው።