«ገና» ብላ ያነበበችው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ዓመት የነቢያት ጾም እንደ ገባ፣ ለልደት በዓል አንድ አጭር ጽሑፍ በሕፃናት ክፍል በንባብ እንዲቀርብ ተወሰነ። እሑድ እሑድ ሕፃናቱን የማስተምር እኔ ስለ ነበርሁ ልምምዱን የመምራት ኃላፊነት ተሰጠኝ። ለንባቡ የመረጥኋት የሰባት ዓመት ልጅ ፊደሏን አሳምራ የለየች ነበረች። «ሰብአ ሰገል ገና አልደረሱም ነበር» ከሚለው ስትደርስ ግን «ገና»ን እንደ በዓሉ ስም አጥብቃ አነበበችው። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በቀጣዩ እሑድ አልመጣችም፤ በሚከተለውም እንዲሁ።

ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። የፊደል ገበታችን 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 ድምፅ ሲረቡ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ለይቶ ማወቅ ለሕፃን ታላቅ ድካም ነው። ሆኖም ፊደልን የጨረሰ ሁሉ ንባብን ጨረሰ ማለት አይደለም፤ ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይምና። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን «ይገኛል»። ልዩነቱን የሚነግረን ቃሉን አስቀድሞ የለመደው ጆሯችንና የዐረፍተ ነገሩ አሳብ ነው። ያቺ ልጅ በመዝሙር ልምምዱ የበዓሉን ስም ደጋግማ ሰምታ ነበርና በምታውቀው ቃል አነበበች። ስሕተቷ የስንፍና አልነበረም።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ሀሁን ከዘለቀ በኋላ፣ የፊደሉ ቅደም ተከተል በተሰባጠረበት በአቡጊዳ ይፈተናል። ይህም በቃሉ የሸመደደውን ሳይሆን በዓይኑ የለየውን እንዲናገር ነው። መልእክተ ዮሐንስን ማንበብ ሲጀምር ደግሞ የሚነሣውንና የሚጣለውን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን መምህሩ በጆሮው ያሰማዋል። ፊደሉን ከገጹ ያያል፤ ድምፁን ከሰው አንደበት ይቀበላል።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ልጅቱ ቤት ሄድሁ። እናቷን ሙዳይ ሲሰፉ አገኘኋቸው። «ዲያቆን፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በምን ልርዳት?» አሉኝ በሐዘን። ልጅቱ ከኋላቸው ተሸሽጋ ነበር። አስቀድሜ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ» አልኋት። ዝም አለች። ከስፌቱ አጠገብ ካለው ሣር አንሥቼ «ስንደዶ ማለት ይህ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «አይደለም፣ አክርማ ነው» አለችና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። ወስፌውንም ስሙንና ሥራውን ነገረችኝ። በዩኒቨርሲቲ የምማረው እኔ በዚያች ሰዓት የእርሷ ተማሪ ሆንሁ።

ቃላቱን ሁሉ ያስተማሯት ፊደል ያልቆጠሩት እናቷ ናቸው። በደብተሯ ላይ «አክርማ፣ ስንደዶ፣ ወስፌ፣ ሙዳይ» ብዬ ጻፍሁላት። አንዲት ስንደዶ መዝዛ በእርሷ እየጠቆመች አነበበች፤ አንዱንም አልሳተችም። «እኅቴ፣ እየረዷት ኖረዋል» አልኋቸው።

ውድ አንባብያን፣ ታናናሾቻችንን ለመርዳት የግድ መምህር መሆን አያስፈልገንም። በቤት የሚሠራውን ሥራ በስሙ እየጠራን እናነጋግራቸው፤ ተረትና የቅዱሳንን ታሪክ እንንገራቸው። ስናነብላቸው ጣታችንን በቃሉ ሥር እናሳልፍ፤ አዲስ ቃል ሲመጣ ትርጉሙን ከመንገራችን በፊት ምን እንደሚመስላቸው እንጠይቃቸው። ያንኑ መጽሐፍ ድገሙልን ቢሉን አንሰልች፤ ቃል የሚለመደው በመደጋገም ነውና። ሲሳሳቱ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አብረን እናንብብላቸው እንጂ አንሳቅባቸው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን እናስታውስ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊደሉን ያውቃል፣ ምሥጢሩን ግን የሚመራው ይሻ ነበር። ፊልጶስ አላፌዘበትም። የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ከዚያም አጠገቡ ተቀምጦ አስረዳው። እኔ በዚያች እሑድ የፊልጶስን ሥራ መሥራት ሲገባኝ ከሚስቁት ጋር ቆሜ ነበር።

ልጅቱ በአራተኛው እሑድ ተመለሰች። በበዓሉ ቀን እናቷ ከፊት ተቀምጠው ሲሰሙ ያን ጽሑፍ አነበበች። «ሰብአ ሰገል» ካለች በኋላ ጥቂት ቆም አለች። ቀጥላም «ገና»ን አላልታ አነበበችው፤ ማንም አልሳቀም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።