ማን ቀረ?

የነቢዩ ዩኑስን (ዐ.ሰ.) ታሪክ በማስተምርበት ሰሞን፣ በዑማን የባሕር ዳርቻ ስለሚደረግ የዓሣ ነባሪዎች ክትትል አነበብኩ። በዚያ ያሉት ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከመቶ እንደማይበልጡ ይገመታል፤ የማጥመጃ መረብና የመርከብ ግጭት ያሰጋቸዋል። የጅራታቸው ገጽ እንደ ሰው አሻራ ስለሚለያይ ተመራማሪዎች ፎቶግራፍ እያነሱ አንድ በአንድ ይመዘግቧቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የሳተላይት መከታተያ የተገጠመላት «ሉባን» የዐረብን ባሕር አቋርጣ ሕንድ ዳርቻ መድረሷ ታውቋል።

እኔ ግን ከፊቴ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ሳምንት ሙሉ ሲቀር ልብ አላልኩም፤ ለካስ ታሞ ኖሯል! በባሕር ያለውን ሁሉ የሚያውቅ አላህ (ሱ.ወ.) ነው። ልጆቻችን ግን በእጃችን ያሉ አማናዎች ናቸውና እንቁጠራቸው፤ ማን እንደ ቀረም እንጠይቅ።