ጓሮው ለሁለት ሲሆን፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ደሴ እንግዳ መቀበልን በትልቁ የምታውቅ ከተማ ናት። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ግብር ሲበላ ደሃው ከባለጸጋው አይለይም፣ ማንም አይጠየፍም ማለት ነው። ይህ ልማድ ዛሬም በየቤቱ አለ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ከአቦል እስከ በረካ ቤቱ ሰው አያጣም። ባልና ሚስት ግን ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው የሚያወሩበት ቦታ የት ነው? ሳሎኑ የእንግዳና የቴሌቪዥን ነው። መኝታ ቤት የሚገባው ደክሞ ነው። የቀረው ጓሮ ሲሆን፣ እሱም ብዙ ጊዜ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የከሰል ጆንያና አሮጌ ጎማ ይዞ ይውላል።

ይህን ጓሮ የፍቅር ቦታ ማድረግ ብዙ ብር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የአካባቢውን አየር ማወቅ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የከፍታው ልዩነት በሙቀት ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል።

በደሴ የመጀመሪያው ጉዳይ ተዳፋቱ ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች የክረምቱ ዝናብ ለም አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። ከመትከል በፊት በድንጋይ ሁለት ሦስት ዝቅተኛ እርከን መሥራት ያስፈልጋል። ቀጥሎ መቀመጫው ይመጣል። አያቶቻችን ቤት የነበረው መደብ እዚህ ላይ ወንበርን ያስንቃል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ሥር ከተሠራ፣ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሲመሽ ቀስ እያለ ይለቃል። የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለአበባው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በልጅነታችን ፍሬውን እየለቀምን የበላነው ቀጋ፣ ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ነው። ነጭ አበባው ያውዳል፤ እሾሁ ደግሞ አጥር ይሆናል። ሐረግ የፈለገ ጠምበለል ይትከል። ነጭ አበባ ጥሩነቱ ሲመሽም መታየቱ ነው፤ ባለትዳሮች ሥራ ውለው የሚገናኙት ደግሞ ሲመሽ ነው። ጤና አዳምና ጠጅ ሳር ከመደቡ አጠገብ ይሁኑ፤ ቀሚስ ሲነካቸው ይሸታሉ፣ ለቡናውም ለጉዝጓዙም ቅርብ ናቸው።

ሐረጎን ወርደው የቦርከና ሜዳ ሲደርሱ ጥያቄው ይለወጣል። ኮምቦልቻ ላይ የሚፈለገው ጥላ ነው። በባሕር ዛፍ አጣና ትንሽ ዳስ ሠርቶ ቡገንቪሊያ ማልበስ፣ ከጎኑ ሎሚና ፓፓያ መትከል ይበቃል። የደሴ ውርጭ የሚያጠወልገው ቡገንቪሊያ እዚህ ይፈነድቃል። አጥሩ ቅንጭብ ከሆነ ግን ልጆችን ማስጠንቀቅ ይገባል፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ይጎዳል። ውሃ የሚያቁር ጎማና ጣሳም ከጓሮው ይውጣ፤ ትንኝ ይራባበታልና። ትንኝ ባለበት ማንም ቁጭ ብሎ አያወራም።

ሁለቱ ከተሞች በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነት ውስጥ አልፈዋል። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ዘግቶ ወጥቷል፤ ሲመለስ የተሰበረ በርና ባዶ ክፍል የጠበቀው ጥቂት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የጎደለውን ዕቃ ሲተካ ቆይቷል። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ማብሰያው እየተገዛ ይሞላል። ያን ጊዜ ያስጨነቀን፣ ያስፈራንና ያላወራነው ነገር ግን በግዢ አይሞላም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ዝግ ባለ ድምፅ የሚያወራው ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ቦታ ይፈልጋል።

ጎመኑን መንቀል አያስፈልግም፤ ጎመንና ጌሾ ለቤቱ ያስፈልጋሉ። ከጓሮው አንድ ጥግ፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ብትሆን፣ ለሁለታችሁ ይለይ። መደቡን በበጋ ሥሩ፤ ሥር የያዘውን ችግኝ ዝናቡ ሲጠና በሐምሌ ትከሉ። አበባው እስኪደርስ አትጠብቁ። ማታ ጀበናውን ይዛችሁ ውጡ፣ ስልካችሁን ሳሎን ተዉት፤ አንዷን በረካ ለብቻችሁ ጠጧት።